በቪዛ ምርመራ ወቅት ቲቢ የተገኘባት አመልካች፦ ከመጀመሪያው ራጅ እስከ ትምህርት ቤት ደጃፍ የተቆጠሩ 16 ወራት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ለውጭ አገር ትምህርት የሚያመለክቱ ወጣቶችን በማገዝ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ብዙ ዓይነት እንቅፋት አይቻለሁ። የባንክ ማስረጃ የጎደለው፣ የፓስፖርቱ ጊዜ ሊያልቅ የተቃረበ፣ በሁለት ሰነዶች ላይ ስሙ በተለያየ ፊደል የተጻፈበት አመልካች በየዓመቱ ይመጣል። ከሁሉም ይልቅ ሰውን የሚያስደነግጠውና በሹክሹክታ ብቻ የሚነገረው ግን በሕክምና ምርመራ ላይ የሚገኝ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ ነው።

ከዚህ በታች የምጽፈው በካናዳ የማስተርስ ትምህርት ለመከታተል ተቀባይነት ስላገኘች አንዲት የ26 ዓመት ወጣት ነው። ጉዳዩ እንዲጻፍ ፈቅዳለች፤ ማንነቷን ሊያሳውቅ የሚችለውን ዝርዝር ግን ሁሉ ትቼዋለሁ። በሂደቱ ውስጥ ሁለት ከባድ ስህተቶች ተፈጽመዋል፤ አንዱ የእሷ ሲሆን ሌላው የእኔ ነው። ሁለቱም ከበሽታው ሳይሆን የምርመራውን አካሄድ በደንብ ካለማወቅ የመጡ ስለሆኑ፣ ሌላ ሰው ሊያስወግዳቸው ይችላል ብዬ አምናለሁ።

የጉዳዩ ዳራ

አመልካቿ ራሷን እንደ ጤነኛ ሰው ነበር የምትቆጥረው። አታስልም፣ ሌሊት አያልባትም፣ ክብደቷም አልቀነሰም። የዩኒቨርሲቲው የቅበላ ደብዳቤ በፌብሩዋሪ ደረሳት፤ ትምህርቱ በሴፕቴምበር የሚጀምር ሲሆን ከፊል የገንዘብ ድጋፍም ተፈቅዶላት ነበር። በማርች የጥናት ፈቃድ ማመልከቻዋን አስገባች፣ በኤፕሪል መጀመሪያ ላይም ለሕክምና ምርመራ ቀረበች።

ካናዳ ምርመራ ከምትጠይቅባቸው አገሮች የሚመጣና ከ6 ወር በላይ ለመቆየት የሚያመለክት ሰው የሚመረመረው በራሱ ሐኪም ዘንድ አይደለም፤ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ በሰጠው ሐኪም ዘንድ ነው። ዕድሜው 11 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ የደረት ራጅ ይነሳል። ይህ ሐኪም መርምሮ ሪፖርት ይልካል እንጂ ቪዛ አይሰጥም፣ አይከለክልምም፤ ውሳኔው የመሥሪያ ቤቱ ነው። ብዙ አመልካቾች ይህን ልዩነት ስለማያውቁ ሐኪሙን እንደ ዳኛ ይፈሩታል፣ ከፍርሃቱም የተነሳ ሊነግሩት የሚገባውን ይደብቁታል። ይህ ፍርሃት በዚህ ጉዳይ ላይም ዋጋ አስከፍሏል።

ራጁ ያሳየው

ከምርመራው ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመልሳ እንድትመጣ ተጠራች። ራጁ በቀኝ ሳንባዋ የላይኛው ክፍል ላይ ጥላ አሳይቶ ነበር። የቲቢ ተህዋስ ኦክስጅን በብዛት የሚገኝበትን ቦታ ስለሚመርጥ፣ በዚህ የሳንባ ክፍል ላይ የሚታይ ጥላ ሐኪሞችን ቶሎ ያስጠረጥራል። ሐኪሙ ጥላው ቲቢ ነው ብለው አልደመደሙም። ሦስት ቀን በተከታታይ ጠዋት ጠዋት አክታ መስጠት እንዳለባት፣ አክታው በማይክሮስኮፕ ከታየ በኋላ በላቦራቶሪ እንዲያድግ እንደሚደረግ፣ ይህም ካልቸር የሚባለው ምርመራ እስከ 8 ሳምንት ሊወስድ እንደሚችል ነገሯት።

እሷ ከዚህ ሁሉ የሰማችው «ቲቢ» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። ቪዛው ተከለከለ፣ ስሟም በመዝገብ ላይ ለዘለዓለም ተበላሸ ብላ ደመደመች። እውነታው ከዚህ የተለየ ነው። በካናዳ የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጥበቃ ሕግ አንቀጽ 38 መሠረት የሕዝብን ጤና አደጋ ላይ ሊጥል የሚችል ሕመም ያለበት ሰው እንዲገባ አይፈቀድለትም፤ በሳንባ ላይ ያለና ያልታከመ ንቁ ቲቢም፣ ማለትም በሽታ ደረጃ ላይ የደረሰ ቲቢ፣ ከዚህ ውስጥ ይመደባል። ነገር ግን ቲቢ የሚድን በሽታ ስለሆነ፣ በተግባር የሚሆነው ማመልከቻው ሕክምናው እስኪጠናቀቅ ባለበት እንዲቆይ መደረጉ ነው። ይህን በዚያች ዕለት ቁጭ አድርጎ የነገራት ሰው ቢኖር ኖሮ ቀጥሎ የመጣው ባልመጣ ነበር።

ሦስት ሳምንት ያስከፈለው ምክር

አንድ የምታውቀው ሰው «ይህ ተራ የሳንባ ምች ነው፤ ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ ውሰጂና ሌላ ቦታ ራጅ ተነሺ» አላት። እሷም ሊቮፍሎክሳሲን ገዝታ ለ7 ቀን ወሰደች። በግል ክሊኒክ የተነሳችው ሁለተኛ ራጅ ያንኑ ጥላ አሳየ። ቢጠፋም እንኳ ጥቅም አልነበረውም፤ መሥሪያ ቤቱ የሚቀበለው ፈቃድ ካለው ተቋም የተላከለትን ምስል ብቻ ነው። በዚሁ መሀል አንድ ደላላ ንጹሕ ራጅ ላስገኝልሽ እችላለሁ ብሎ ገንዘብ ጠየቃት። ወደ እኔ የደወለችው ይህን ጊዜ ነው።

የደላላው ነገር አጭር መልስ ነበረው። የተመርማሪው ማንነት በፓስፖርትና በፎቶግራፍ ይረጋገጣል፣ ምስሉም በኤሌክትሮኒክ መንገድ በቀጥታ ይላካል። የሌላ ሰው ራጅ ማቅረብ በዚያው ሕግ አንቀጽ 40 ሐሰተኛ መረጃ እንደማቅረብ የሚቆጠር ሲሆን ለ5 ዓመት ያሳግዳል። የ6 ወር ሕክምና ለማምለጥ የ5 ዓመት እገዳ መግዛት ማለት ነው፤ ለዚያውም በሽታው በሳንባዋ ውስጥ እንዳለ።

የአንቲባዮቲኩ ጉዳይ ግን የበለጠ አሳሰበኝ። ሊቮፍሎክሳሲንና የእሱ ወገን የሆኑ መድኃኒቶች የቲቢን ተህዋስም ያጠቃሉ። ብቻቸውን ለጥቂት ቀናት ሲወሰዱ ተህዋሱን ያዳክሙታል እንጂ አይጨርሱትም፤ በዚህም ምክንያት ካልቸሩ ተህዋሱ እያለ የለም የሚል ሐሰተኛ ነጻ ውጤት ሊያሳይ፣ ተህዋሱም መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። እንድትደብቀው የሚመክሯት ነበሩ። እኔ ለሐኪሙ ራሷ እንድትነግራቸው ለመንኳት፤ አብሬያትም ሄድኩ። ሐኪሙ አልተቆጡም። የመድኃኒቱን ስምና የወሰደችበትን ቀናት በፋይሏ ላይ ጻፉ፣ አክታው ከመሰብሰቡ በፊት 2 ሳምንት እንድትጠብቅም አዘዙ። መድኃኒቱ የተወሰደበት ሳምንት ሲጨመር በድምሩ 3 ሳምንት ባከነ።

ከአክታ ወደ ካልቸር

አክታው በሜይ መጀመሪያ ላይ ተሰበሰበ። ሳል ስላልነበራት ከሳንባዋ አክታ ማውጣት አልቻለችም፤ በመጨረሻ የጨው ውሃ ጉም በመሣሪያ እንድትስብ ተደርጎ ነው የተገኘው። ይህን የምጠቅሰው ብዙ አመልካች በዚህ ደረጃ ላይ ምራቅ ሰጥቶ ስለሚመለስ ነው። ምራቅ ለምርመራው አይጠቅምም፤ አክታ እምቢ ካለ ለባለሙያው መናገር ይገባል።

ሦስቱም ናሙናዎች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ተህዋስ አልተገኘባቸውም። በቤቷ ውስጥ ደስታ ሆነ፤ የበረራ ዋጋ መጠያየቅም ተጀመረ። ነገር ግን ማይክሮስኮፕ ተህዋሱን ማየት የሚችለው በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 የሚደርስ ቁጥር ሲኖር ነው፤ ካልቸር ግን ከ10 እስከ 100 ከሚሆኑ ተህዋሶች ተነስቶ ማሳደግ ይችላል። የኢሚግሬሽን ምርመራ በማይክሮስኮፕ ውጤት ብቻ የማይቆመው በዚህ ምክንያት ነው። በ6ኛው ሳምንት ከሦስቱ ናሙናዎች አንዱ ላይ የቲቢ ተህዋስ አደገ። ቀጥሎ በተደረገው የመድኃኒት ፍተሻ ተህዋሱ በተለመዱት መድኃኒቶች የሚሸነፍ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት የተላመደ ቢሆን ኖሮ ሕክምናውም የቀን ስሌቱም ሌላ ይሆን ነበር።

ውጤቱን ስትሰማ «እኔ እኮ አላስልም» እያለች አለቀሰች። የማያስል ሰው ንቁ ቲቢ ሊኖርበት እንደሚችል ማመን ይከብዳል። እኔ ግን እስከ ዛሬ የማስበው በተቃራኒው ነው፤ ሳሉ ሳይጀምር፣ ሳንባዋም ብዙ ሳይጎዳ፣ አብረዋት የሚኖሩትም ሳይታመሙ በሽታው የታወቀው ቪዛ በመጠየቋ ነው። የቤተሰቧ አባላት ሁሉ ተመረመሩ፤ በአንዳቸውም ላይ ንቁ ቲቢ አልተገኘም።

ሕክምናውና ፋይሉ

ሕክምናው በጁን አጋማሽ ተጀመረ። ለመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲን፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል፣ ለቀጣዮቹ 4 ወራት ደግሞ አይሶኒያዚድና ሪፋምፒሲን ብቻ የሚወሰዱበት መደበኛው ሕክምና ነው። መድኃኒቱን የምትውጠው የጤና ባለሙያ ፊት ነበር። ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ እንደሚያደርግ አስቀድሞ ተነግሯት ስለነበር አልደነገጠችም፤ የመጀመሪያው ወር ማቅለሽለሽ ግን አድክሟት ነበር።

በፋይሉ በኩል ሦስት ነገር አደረግን። አንደኛ፣ ማመልከቻውን አላነሳንም። ወደ ሌላ አገር ብታመለክት ይሻላል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን የሌሎች አገሮች የጤና መጠይቅም ስለ ቀድሞ የቲቢ ሕክምና ይጠይቃል፣ ራጁም ያው ራጅ ነው። ሁለተኛ፣ ለዩኒቨርሲቲው የማዘግየት ጥያቄ ጻፍን። የበሽታውን ስም መግለጽ አላስፈለገም፤ ሕክምና ላይ መሆኗን፣ ሕክምናው የሚያልቅበትን ጊዜና ሙሉ በሙሉ እንደምትድን የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ በቂ ሆነ። ሦስተኛ፣ አዲሱ የቅበላ ደብዳቤ እንደደረሳት ማመልከቻዋ ውስጥ እንዲገባ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ላክነው። ይህ ባይደረግ ኖሮ የትምህርቱ መጀመሪያ ቀን ያለፈበት ማመልከቻ በሕክምና ምክንያት ሳይሆን በቅበላው ምክንያት ውድቅ ሊሆን ይችል ነበር።

በ4ኛው ወር ለቅርብ ዘመድ ሐዘን ርቃ ሄዳ የ4 ቀን መድኃኒት አመለጣት። እንዲህ ያለው ነገር በሕክምና ካርዷ ላይ እንዳይጻፍ ልትለምን አስባ ነበር የተመለሰችው፤ ባለሙያዋ ግን ቀናቱን መዝግባ፣ የጎደለውን በመጨረሻው ላይ ጨምራ፣ የማጠናቀቂያውን ቀን አስተካከለች።

የእኔ የስሌት ስህተት

ሕክምናው 6 ወር ነው፤ በጁን አጋማሽ ከተጀመረ በዲሴምበር አጋማሽ ያልቃል፤ ስለዚህ በጃንዋሪ ትምህርት ትጀምራለች። ለዩኒቨርሲቲው የላክነው ጥያቄ በዚህ ስሌት ላይ የተመሠረተ ነበር፣ ስሌቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ። የመጨረሻው ክኒን የተዋጠበት ቀን የጉዳዩ መጨረሻ አለመሆኑን ዘነጋሁ። ከሕክምናው በኋላ እንደገና ሦስት ናሙና አክታ ይሰበሰባል፣ እንደገና ካልቸር ይደረጋል፣ እንደገና እስከ 8 ሳምንት ይጠበቃል። አዲስ ራጅ ተነስቶ ከፊተኛው ጋር ይነጻጸራል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ የተላከው በፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ነው፤ የጃንዋሪው ትምህርት ያን ጊዜ ተጀምሮ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ሁለተኛ የማዘግየት ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ሴፕቴምበር አዛወራት፤ የገንዘብ ድጋፉ ግን አብሯት አልተሻገረም። እንደገና አመልክታ ያገኘችው ከቀድሞው ያነሰ ነው። ከመጀመሪያው ለሴፕቴምበር ብንጠይቅ ኖሮ ድጋፉ ይጠበቅላት ነበር ብዬ በእርግጠኝነት መናገር ባልችልም፣ አንድ ጊዜ ብቻ መጠየቅና ሁለት ጊዜ መጠየቅ እኩል እንዳልሆኑ ግን በዚህ ተምሬያለሁ።

በዚህ ላይ የሕክምና ምርመራው የሚያገለግለው ለ12 ወር ነው። የመጀመሪያው ምርመራዋ በኤፕሪል ስለሚያበቃ ሌላ ምርመራ እንድታደርግ ተጠየቀች። በራጁ ላይ ትንሽ ጠባሳ ነበር፤ ጠባሳው ከሕክምናው ማብቂያ ራጅ ጋር ሲነጻጸር ስላልተለወጠ አዲስ ጥርጣሬ አላስነሳም። ፈቃዱ በጁን ተሰጠ፣ በኦገስት ተጓዘች።

የሠራውና ያልሠራው

ከሁሉ የበለጠ የጠቀመው ስለ አንቲባዮቲኩ እውነቱን መናገሯ ነው። ሐኪሙ ያን ባያውቁ ኖሮ አክታው ወዲያው ተሰብስቦ ካልቸሩ ነጻ ሊወጣ፣ ጥላው ግን በራጁ ላይ እንዳለ ሊቀጥል ይችል ነበር፤ እንዲህ ያለ ፋይል ደግሞ ለወራት ተደጋጋሚ ራጅ ይጠየቅበታል። በመላምት ተቸኩሎ ሕክምና አለመጀመሩም ረድቷል። አንዳንድ አመልካቾች ጊዜ ለመቆጠብ ብለው አክታ ሳይሰጡ በግል የቲቢ መድኃኒት ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ተህዋሱ ስለማይገኝ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ማወቅ አይቻልም፣ የሕክምናውም ትክክለኛነት በፋይሉ ላይ ጥያቄ ሆኖ ይቀራል።

ያልሠራው የግል ክሊኒኩ ራጅ፣ ለመሥሪያ ቤቱ በየሳምንቱ የተላከው የ«የት ደረሰ» ጥያቄና የእኔ የጃንዋሪ ዕቅድ ነው። ጥያቄው ምንም አላፋጠነም፤ ተህዋሱ በላቦራቶሪ የሚያድግበትን ፍጥነት ደብዳቤ አይለውጠውም።

ሌሎች አገሮች

መሠረቱ ተመሳሳይ ቢሆንም ዝርዝሩ ይለያያል። ዩናይትድ ኪንግደም ከተዘረዘሩ አገሮች ከ6 ወር በላይ ለመቆየት ከሚመጣ አመልካች ፈቃድ ካለው ክሊኒክ የቲቢ ምርመራ ሰርተፍኬት ትጠይቃለች፤ ሰርተፍኬቱ ራጅ ከተነሳበት ቀን ጀምሮ ለ6 ወር ያገለግላል፣ ቲቢ የተገኘበት ሰው ታክሞ እንደገና ካልተመረመረ አይሰጠውም። አውስትራሊያ አመልካቹ ከቲቢ ነጻ መሆን አለበት የሚል መስፈርት አላት፤ ንቁ ቲቢ ሲገኝ ውሳኔው ሕክምናው እስኪያልቅ ይቆያል፣ የቀድሞ ጠባሳ ያለበት ሰው ደግሞ ከደረሰ በ28 ቀን ውስጥ ለጤና አገልግሎቱ እንዲያሳውቅ የጽሑፍ ግዴታ ሊፈርም ይችላል። ዩናይትድ ስቴትስ በአብዛኛው ከተማሪ ቪዛ አመልካች ይህን ምርመራ አትጠይቅም፤ ለቋሚ ኑሮ የሚያመለክተው ግን ይመረመራል፣ ንቁ ቲቢ ከተገኘበትም በባለሙያ ክትትል ታክሞ ካልቸሩ ነጻ እስኪሆን ይጠብቃል። የአንዱን አገር ደንብ ለሌላው የሚተርኩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ አመልካች የሚሄድበትን አገር ደንብ ራሱ ማንበብ አለበት።

ለሌላው አመልካች የሚተርፈው

ቀን ሲሰላ ከመድኃኒቱ ማብቂያ ሳይሆን ከመጨረሻው የካልቸር ውጤት መነሳት ያስፈልጋል። ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ከመጀመሪያው ራጅ እስከ መጨረሻው ውጤት ከ10 እስከ 11 ወር ወስዷል፤ እኔ ዛሬ ለሚጠይቀኝ ሰው አንድ ሙሉ ዓመት እንዲያስብ፣ ለዩኒቨርሲቲውም ያንኑ እንዲነግር እመክራለሁ። የፓስፖርትና የቋንቋ ፈተና ማብቂያ ቀናትም በዚያው ቀጠሮ ውስጥ መታየት አለባቸው፤ የእሷ የቋንቋ ፈተና ውጤት 2 ዓመት የሚያገለግል መሆኑ ከአንድ ተጨማሪ ወጪ አድኗታል።

ንቁ ቲቢንና በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የተቀመጠ ኢንፌክሽንን መለየትም ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ የቲቢ ተህዋስ በሰውነቱ እንደሚገኝ ይገምታል፤ ከእነዚህ ውስጥ በሕይወት ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ናቸው። የደም ወይም የቆዳ ምርመራው ተህዋሱ እንዳለበት ያሳየ፣ ራጁ ግን ንጹሕ የሆነ ሰው በሽታውን አያስተላልፍም፣ ቪዛውንም በዚህ ብቻ አይነፈግም። ይህን ባለማወቅ ማመልከቻቸውን የተዉ ወጣቶች አጋጥመውኛል፤ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የእነሱ ነገር ነው።

ቀድሞ ቲቢ ታክሞ የዳነ ሰው ደግሞ የሕክምና ካርዱን እንደ ዲፕሎማው ይጠብቀው። የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን፣ የመድኃኒቶቹ ስምና መጠን፣ የአክታ ውጤቶች፣ የሚቻል ከሆነም የጥንቱ ራጅ። ጠባሳ ከጥንት ራጅ ጋር ከተነጻጸረ ጠባሳ መሆኑ በአንድ ቀን ይታወቃል፤ የሚነጻጸርበት ከሌለ ግን ጊዜ ወስዶ እንደገና መጣራት አለበት።

ከደረሰች በኋላ

ፈቃዷ የተሰጣት የሕክምና ክትትል ግዴታ ታክሎበት ነው። ግዴታው በደረሰች በ30 ቀን ውስጥ በምትኖርበት ግዛት ላለው የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት እንድታሳውቅ ያዛል። መጀመሪያ ላይ እንደ ቅጣት ቆጥራው ነበር፤ ነገር ግን ከመማርም ሆነ ከመሥራት አልከለከላትም። በሁለተኛው ሳምንት ደወለች፣ ቀጠሮ ተሰጣት፣ ራጅ ተነሳች። ነርሷ የሕክምና ካርዷን ተቀብላ ስታነብ በ4ኛው ወር ላይ የተጻፈው የ4 ቀን ክፍተት ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ወረቀቱን ገልጣ የተጨመሩትን ቀናትና የተስተካከለውን የማጠናቀቂያ ቀን አየች፤ ሌላ ጥያቄም ሳትጠይቅ ቅጂውን አንስታ ካርዱን መለሰችላት።